ሰኞ ከምሳ በፊት ውጤት አይነገርም

ወንድሜ ጎሚስታ ነው። እኔን በአራት ዓመት ይከተላል። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሁለታችን በአንድ ቤት እንኖራለን፤ የእሱ ሚስት ከብዙ ዓመት በፊት «አንተ ከጎማ ጋር ነው የተጋባኸው» ብላው ሄዳለች። ስለ እሱ የምጽፈው አንድ ሰኞ የደረሰበትን ከቅርብ ስላየሁ ነው። ያየሁትንም በሰዓቱ አፍ አውጥቼ ስላልተናገርኩ ነው።

ሱቁ ከዋናው መንገድ ዳር በአንድ ጣሪያ ሥር ከተደረደሩት ሰባት ሱቆች መጨረሻው ላይ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። በሩ ላይ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ውሃ ተሞልቶ ተቀምጧል፤ የተነፋ ከመነዳሪ እዚያ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል። ቀዳዳውን ሲያገኝ በጠመኔ ያከብበዋል፣ ያደርቀዋል፣ ይፍቀዋል፣ ማስቲሽ ይቀባዋል፣ ከዚያ እንደተመታ የሕፃን ጉልበት እፍ እፍ ይልበታል። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር የጎማ መፈልቀቂያው ብረት አምልጦት ለሁለት ተሰንጥቋል፤ እንደተሰነጠቀ ነው የሚያድገው። ከሥራ ሲመለስ እጁን በላምባና በዱቄት ሳሙና ሲፈትግ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። የመዳፉ መስመሮች ግን አይለቁም። ዳቦ ሲበላ በወረቀት ይዞ ነው።

ጎማ ያነብ ነበር። ሌላ ቃል የለኝም። ደንበኛ ጎማውን አንከባሎ ሲመጣ ገና አፉን ሳይከፍት ወንድሜ በመዳፉ ዳበስ ያደርግና «አንተ ጥግ ጥጉን ነው የምትሄደው» ይለዋል። ሌላውን «ፍሬን ላይ ቆመህ ነው እንዴ የምትነዳው» ይለዋል። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ የባሏን መኪና አምጥታ «ወዴት ወዴት እንደሚሄድም ጎማው ይነግርህ ይሆን?» ብላ ጠየቀችው። ሱቁ በሳቅ ተሞላ። እሱ ጎማውን አገላብጦ አየና «ኮረኮንች ነው እትዬ፣ ከዚህ በላይ አልናገርም» አላት።

የመኪና እሽቅድምድም የወደደውም በጎማ በኩል ነው። እሱ የሚከታተለው አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥባቸው፣ ጎማቸው ከአካላቸው ወደ ውጭ የወጣ፣ መከለያ የሌላቸው መኪኖች የሚወዳደሩበትን ነው። «የእኛ መኪና ጎማውን ቀሚስ ሥር ይደብቃል። እነዚህ የሚያፍሩበት ነገር የላቸውም» ይል ነበር። ውድድሩ በዓመት ሃያ ምናምን ጊዜ በየአገሩ እየዞረ ይካሄዳል፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ነጥቡ የበለጠው ሻምፒዮን ይሆናል። ይህን ሁሉ የማውቀው ቁጭ ብዬ ተምሬው አይደለም። ምሳ እያመላለስኩለት፣ እየሰፋሁ እየሰማሁ ነው የገባኝ።

ከእሱ ሱቅ ሦስት በር አልፎ ፀጉር ቤት ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ አንድ ፀጉር የለውምና ሁሉም «መላጣው» ነው የሚለው። ደንበኛ ሲቀልድበት «እኔ ጨርሻለሁ፣ አሁን የእናንተ ተራ ነው» ይላል። ከወንድሜ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል። ወንድሜ ወገቡን ተይዞ የተኛ ጊዜ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው ሱቁን እየከፈተ «ታሟል፣ ይመጣል» እያለ ደንበኛ ያቆየለት እሱ ነው። ይህን የማነሣው ክፉ ሰው ነበር እንዳይባል ብዬ ነው።

ፀጉር ቤቱ ሰኞ ይዘጋል። ጎሚስታ ደግሞ እሑድ መዝጋት አይችልም፤ ከከተማ ወጥቶ የዋለው ሁሉ አመሻሽ ላይ ጎማውን አስተንፍሶ ይመለሳል፣ በዚያ መንገድ ላይ እሑድ የሚከፍት ጎሚስታ ወንድሜ ብቻ ነበር። ውድድሩ የሚካሄደው እሑድ ከሰዓት ነው። ስለዚህ መላጣው ውድድሩን ይቀዳና ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ በተዘጋው ፀጉር ቤት ውስጥ፣ መጋረጃውን ጋርደው አብረው ያዩታል። ወንበሮቹን ከመስታወቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ያዞሯቸዋል። ወንድሜ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ ልብሱ ወንበሩን እንዳያቆሽሽ ፎጣ ይነጠፍለታል። ሦስተኛው ሰው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ነጥብ የሚደምሩት እሳቸው ናቸው፤ ወረቀት አይፈልጉም፣ የጢም ሳሙና በጣታቸው አጥቅሰው መስታወቱ ላይ ይጽፉታል። እኔ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የሰው ሱሪ እዘመዝማለሁ።

የሰኞው ሕግ የመጣው ከዚህ ነው። ወንድሜ ውጤቱን አስቀድሞ ሰምቶ ውድድር ማየት አይሆንለትም። «የተቀበረ ሰው እንደማስታመም ነው» ይላል። እሑድ ከምሳ በኋላ ስልኩን ያጠፋል፣ ሬዲዮኑን ከሶኬት ይነቅላል፣ መምህሩ በሚያምር እጃቸው «ሰኞ ከምሳ በፊት ውጤት አይነገርም» ብለው የጻፉለትን ካርቶን በሩ ላይ ይሰቅላል። ፊቱ ላይ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ካየ ገና ከሩቅ መዳፉን ያነሣበታል። ታክሲ ነጂዎቹ መጫወቻ አደረጉት። «ማን እንዳሸነፈ ሰምቼ ምላሴን እያሳከከኝ ነው፤ ጎማዬን በነፃ ካልነፋህልኝ አልችልም» ይሉታል። እሱም እየሳቀ ይነፋላቸዋል። ከታክሲ ነጂ እስከ ሱቅ ጠባቂ ሕጉን የማያውቅ አልነበረም፣ አንድ ቀን እንኳ የጣሰበት የለም። ወንድሜ በዚህ ይኮራ ነበር። በሕይወቱ ሰው ያከበረለት ነገር ብዙ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ወንድሜ የሚደግፈው አረንጓዴ መኪና የሚነዳ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የተጠጋ ሰው ነበር፤ ሽማግሌው ይሉታል። መላጣው የያዘው ቀይ መኪና የሚነዳ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው። ጎረምሳው ፈጣን ነው፣ ጎማ ግን ይበላል። ሽማግሌው የረጋ ነው፣ ጎማውን እስከ መጨረሻው ዙር ያደርሳል። ዓመቱን ሙሉ የተከራከሩት በዚሁ ነው። መላጣው «ያንተ ሰውዬ ሊወዳደር ነው የመጣው ወይስ ጎማ ሊያስታምም?» ሲለው ወንድሜ «ያንተ ልጅ ለእኔ ደንበኛ ቢሆንልኝ ይኼኔ ፎቅ ሠርቻለሁ» ይለዋል።

በዓመቱ አጋማሽ ላይ ጎረምሳው በአንድ ኩርባ ሽማግሌውን ገፍቶ ከመንገድ አስወጣው። ዳኞቹ ማንንም አልቀጡም። መላጣው «ቦታው ክፍት ነበር፣ ገባ፤ ምን ያድርግ?» አለ። ወንድሜ ደግሞ ቦታው ክፍት ይሁን አይሁን ጎን ለጎን ለሚሄድ ሰው የጎማ ስፋት ያህል መተው ግዴታ ነው አለ። ለአራት ቀን ሳይነጋገሩ ቆዩ። በአምስተኛው ቀን መምህሩ ሁለቱን ጠርተው «ሰዎቹ እኮ እናንተን አያውቋችሁም» አሏቸው። ሁለቱም ሳቁ፣ ነገሩ በዚያው አለፈ።

የመጨረሻው ውድድር ሲቀር ሽማግሌው በሁለት ነጥብ ብቻ ያንስ ነበር። መምህሩ መስታወቱ ላይ የጻፉት ሁለት ቁጥር ሳምንቱን ሙሉ ሳይጠፋ ከረመ። ፀጉሩን ሊቆረጥ የመጣው ሁሉ በቁጥሮቹ መሐል ፊቱን እያየ ነበር የሚቆረጠው።

አሁን ስለ ሕንፃው ልናገር። ሰባቱ ሱቆች አርጅተው ነበር። ባለንብረቱ ከኋላቸው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እያስጨረሰ ነው፤ ሲያልቅ አሮጌዎቹ ይፈርሳሉ፣ ነባር ተከራዮች በአዲሱ ቦታ ያገኛሉ ተብሎ ከተነገረ ወራት አልፎታል። ምድር ቤቱን ባንክ ወስዶታል። ለተከራዮች የቀረችው የምድር ቤት ክፍል አንዲት ብቻ ነበረች፤ ማዕዘን ላይ፣ ፊቷን ወደ አስፋልቱ ያዞረች፣ መኪና የሚያስገባ ሰፊ በር ያላት። ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ፎቅ ላይ ናቸው።

ወንድሜ በዚህ ነገር ረጅም ክርክር አላቀረበም። «መኪና ደረጃ አይወጣም» ብቻ ነው የሚለው። የባለንብረቱ ተወካይ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ይነግረዋል፤ ተወካዩም «ይታሰብበታል» ይለዋል። ማዕዘኗን ካላገኘ ሥራው አለቀ ማለት ነው፤ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ጎረቤቶቹም ያውቁታል። መላጣው ራሱ አንድ ሰኞ፣ እኔ ባለሁበት፣ «ማዕዘኗማ ያንተ ናት። ፀጉር ሰገነት ላይም ይቆረጣል» ብሎታል። ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዕዘኗን እንዳገኛት ቆጠራት። ሲመሽ ወደ ቤት ስንመለስ በዚያ ያዞረኛል። ገና ባልደረቀው ሲሚንቶ ላይ በእርምጃ እየለካ በርሜሉን እዚህ፣ ጎማዎቹን እዚያ እያለ ያሳየኛል። ለእኔም መስኮቱ ሥር ለስፌት መኪናዬ ቦታ ሰጠኝ።

የመጨረሻው ውድድር እሑድ ደረሰ። ወንድሜ የዚያን ቀን ጥንቃቄው የተለየ ነበር። ስልኩን ከጠዋት ጀምሮ አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ስምንት ሰዓት ላይ ከከተማው መውጫ አንድ አውቶቡስ ሁለት ጎማ ተንፍሶበት ቆሟል ተብሎ ሰው መጥቶ ወሰደው፤ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። ተወካዩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የነበሩትን ተከራዮች ሰብስቦ፣ ነገ ሰኞ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ የኪራይ ውሉን ይዞ ቢሮ የቀረበ፣ በአመጣጡ ቅደም ተከተል የፈለገውን ክፍል መርጦ ይፈርማል አላቸው። የወንድሜ ሱቅ ዝግ ነው፣ ስልኩም አይሠራም። ተወካዩ «አንተ ንገረው» ብሎ ለመላጣው አደራ ሰጥቶ ሄደ። ይህን ሁሉ የሰማነው በኋላ ነው።

እኔ ሱቁ የደረስኩት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ወንድሜ ገና መመለሱ ነበር፤ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ይታጠባል። መላጣው ከፀጉር ቤቱ ወጥቶ ወደ እኛ መጣ። ጋዋኑን አላወለቀም፣ ትከሻው ላይ የሰው ፀጉር ነበረበት። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመና «ስማ፣ አንድ ነገር» ብሎ ጀመረ።

ወንድሜ ውሃ የሚንጠባጠብ መዳፉን አነሣ። «በቃ። አንድ ቃል እንዳትወጣህ» አለው እየሳቀ። «ዓመት ሙሉ የጠበቅኩትን በሩ ላይ ልትገድልብኝ ነው?»

መላጣው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። ወንድሜን አየው፣ ካርቶኑን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ያ አስተያየት የውድድር ወሬ የያዘ ሰው አስተያየት አልነበረም። ያን ጊዜም ታውቆኛል። ምን ሆነሃል ልለው ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ ግን በወንዶች ጨዋታ መሐል ገብቼ አላውቅም፣ ሰው ፊት መናገር ከልጅነቴ ያስጨንቀኛል። የያዝኩትን የምሳ ዕቃ ክዳኑን ፈትቼ መልሼ ገጠምኩት።

«እሺ» አለ መላጣው። «ነገ ትሰማዋለህ።» ዞሮ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ወንድሜ እንደወትሮው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁን ከፈተ። ጎረቤቶቹ አለመክፈታቸውን አይቷል፤ የዓመቱ መጨረሻ ስለሆነ ዕቃ ሊያመጡ ሄደው ይሆናል ብሎ አሰበ። ስልኩ መሳቢያው ውስጥ እንደተቆለፈ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እኔ፣ እሱና መምህሩ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ስንደርስ መላጣው የለም። መምህሩ ሰዓታቸውን ደጋግመው አዩ። ሰባት ሰዓት ሲሆን መጣ። ነጭ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ወንድሜ «ሙሽራ መስለሃል፤ ልጅህ እንደሚሸነፍ ታውቆህ ለልቅሶው ነው?» አለው። መላጣው ቁልፉን አውጥቶ በሩን ከፈተ።

ውድድሩን አየን። ከመጀመሪያው ዙር ጎረምሳው መራ። መላጣው ሌላ ጊዜ ቢሆን ከቴሌቪዥኑ ፊት እየዘለለ ይጮኻል፤ ዛሬ ግን ከኋላ ቆሞ ሪሞቱን ያገላብጣል። ወንድሜ ሁሉን ረስቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግቷል። ሃያ ዙር ሲቀረው ጎረምሳው ጎማ ለመቀየር ገባ፣ ሽማግሌው ሳይቀይር አለፈና መሪነቱን ያዘ። መምህሩ አይደርስም አሉ፤ በዚያ ጎማ ሃያ ዙር አይታሰብም፣ ሒሳቡ አይሰጥም አሉ።

ወንድሜ ጣቱን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳረፈ። የፊት ግራ ጎማው ዳር ዳሩ ሻካራ ሆኖ ነበር። «ይሄ ያለቀ አይደለም፣ ያኮረፈ ነው» አለ። «ሁለት ዙር ቀስ ብሎ ከሄደበት ይታረቀዋል። አሁን ታያላችሁ፣ ቀስ ይላል።»

ሽማግሌው ሁለት ዙር ቀስ አለ። ከዚያ ፍጥነቱን መለሰ። ጎረምሳው እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ በመጨረሻው ዙር አፍንጫውን አጠገቡ አደረሰ። አላለፈውም። መምህሩ ተነሥተው መስታወቱ ላይ የነበሩትን ሁለት ቁጥሮች በእጅጌያቸው ጠረጉ። ወንድሜ ዞሮ መላጣውን አቀፈው። እንዲያ ሲደሰት ከሠርጉ ቀን ወዲህ አላየሁትም። ሲለቀው በነጩ ሸሚዝ ጀርባ ላይ አምስቱም ጣቶቹ ታትመው ቀሩ።

«እንኳን ደስ አለህ» አለው መላጣው። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

ከሰባቱ ሱቆች በአንዱ የመኪና ባትሪ የሚሸጠው ባለባትሪው መጋረጃውን ገልጦ የገባው በዚህ መሐል ነው። እጁ ላይ ወረቀት ይዟል። «መላጣው፣ ማዕዘኗን አፈፍ አደረግካት አሉ። ከሌሊት ነው እንዴ የተሰለፍከው? እኔን ሁለተኛ ፎቅ ወረወሩኝ» አለ እየሳቀ።

ወንድሜ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ነበር። «የምን ማዕዘን?» አለ።

ባለባትሪው ሁላችንንም በየተራ አየንና ወረቀቱን አጠፈ። በቴሌቪዥኑ ሽማግሌው ጠርሙስ እየነቀነቀ ሰው ያረጥባል።

«ትናንት ልነግርህ መጥቼ ነበር» አለ መላጣው። የሪሞቱን የባትሪ ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል። «እጅህን አነሣህብኝ። አንድ ቃል እንዳትወጣህ አልከኝ።»

«ስለ ውድድሩ ነው ያልኩህ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሕጉ ያንተ ነው። ሰዉ ሁሉ ያከብርልሃል፣ እኔም አከበርኩልህ።»

«ጠዋትስ?»

«ስልክህ ዝግ ነው።»

መምህሩ አንገታቸውን ደፍተው «ሕጉ እኮ የወጣው ለውድድር ነው» አሉ በዝግታ። ወንድሜ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። የተቀመጠበትን ፎጣ አነሣ፣ አራግፎ በአራት አጠፈው፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና ወጣ። ተከተልኩት።

ውሉን ከሱቁ በላስቲክ እንደተጠቀለለ አውጥቶ ያዘና የባለንብረቱ ቢሮ ገባን። ጸሐፊዋ ትሑት ልጅ ነበረች፤ መዝገቡን አዙራ አሳየችን። የመጀመሪያው ፊርማ የመላጣው ነው፣ ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። የቀረችው ክፍል ሦስተኛ ፎቅ፣ በጓሮ በኩል፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለችው ናት። ወንድሜ ሊፍት አለው ወይ ብሎ ጠየቃት። ወደፊት ይገጠማል አለችው። «እንግዲያው የጭነት መኪና የሚይዝ አድርጋችሁ ግጠሙት» አላት። ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች፣ ከዚያ ፊቱን አይታ መዝገቡን ዘጋች። ተወካዩም ከውስጥ ወጥቶ «ለጓደኛህ ነግሬው ነበር እኮ፤ አደራ ብዬዋለሁ» አለ፤ ለእሱ ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

መምህሩ አላረፉም። በማግስቱ መላጣውን ሄደው ለመኑት፣ እንዲለውጥለት። መስታወት እንዳዘዘ፣ የውሃ መስመር እንዳስገባ ነገራቸው። ይህን ሲነግሩን ወንድሜ «ጋሼ፣ ሁለተኛ እንዳይለምኑልኝ» አላቸው። እሳቸው በተማሪ ፊት የሒሳቡ መልስ የጠፋባቸው ይመስል ባርኔጣቸውን ይዘው ቆሙ።

አሮጌዎቹ ሱቆች በሁለተኛው ወር ፈረሱ። ወንድሜ መሣሪያዎቹን ለሌላ ጎሚስታ ሰጠና የአውቶቡስ ጋራዥ ተቀጠረ። እዚያ ጎማ የሚያወልቀው ማሽን ነው፤ እሱ ቁልፉን ይጫናል። የሚነካው ጎማ ቁጥር አለው፣ ነጂውን አያየውም። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱን ጎማ ዳብሶ «ይሄ አውቶቡስ ወደ ግራ ይጎትታል፣ ይታይ» ብሎ ነበር። አለቃው፣ ልጁ የሚሆን ሰው፣ «አባባ፣ እሱን የሚያይ ሌላ ክፍል አለ» አለው። ከዚያ ወዲህ አይናገርም። እጁ አሁን ንጹሕ ነው፤ ጓንት ይሰጧቸዋል።

አዲሱ የውድድር ዓመት ሲቃረብ መላጣው በመምህሩ በኩል ላከ። ሰኞ እንደወትሮው እንገናኝ፣ አዲሱ ቤት ሰፊ ነው፣ ቴሌቪዥኑም ተለውጧል አለ። ወንድሜ መልእክቱን ሰምቶ ለመምህሩ ወንበር አቀረበላቸው፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ጠየቃቸው፣ ሌላ ወሬ ጀመረ።

እኔ ግን አላስቻለኝም። ስድስት ወር ሙሉ ያን እሑድ በልቤ እየደገምኩ ነበር። አንድ ሰኞ ከሰዓት፣ ክር ልገዛ ነው ብዬ ወጥቼ ማዕዘኗ ድረስ ሄድኩ። በሩ እንዳየነው ሰፊ ነው፤ ግማሹን በመስታወት ዘግቶታል። መላጣው ብቻውን ወለል ይጠርግ ነበር። ሲያየኝ መጥረጊያውን አቆመና ወንበር ሰጠኝ። አልተቀመጥኩም። ለእሱ መንገር ባትችል ለእኔ ለምን አልነገርከኝም አልኩት። እኔ ላይ ሕግ አልነበረም አልኩት። በዕድሜዬ ለማንም እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም።

አንገቱን ደፍቶ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ይዋሻል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እትዬ፣ ልነግረው ነው የመጣሁት» አለ። «በእናቴ አጥንት፣ ልነግረው ነው። እጁን ሲያነሣብኝ ግን ደስ አለኝ። ለምን ደስ እንዳለኝ ቤቴ እስክገባ አልገባኝም ነበር።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፣ ልክ ያን ዕለት እንዳየኝ። «እርስዎ ግን ዓይኔን አይተውት ነበር። አንድ ቃል ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግርዎት ነበር።»

ደኅና ዋል አልኩትና ወጣሁ። አስፋልቱን ስሻገር የምገዛውን ክር ቀለም ረሳሁት፤ ጥቁር ገዛሁ።

ወንድሜ ከሥራ ሲገባ እጁን ታጥቦ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ። ክሩን አንሥቶ አየው፣ አስቀመጠው። ጎረቤት አይቶኝ ነግሮት ይሁን፣ ፊቴ ላይ አይቶት ይሁን አላውቅም።

«ጠየቅሽው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«ምን አለሽ?»

ዳቦውን ቆርሼ ፊቱ አደረግኩለት። ሻዩን ቀዳሁ፣ ስኳሩን አማሰልኩ።

«ምንም አላለኝም» አልኩት።

እሱም ሁለተኛ አልጠየቀኝም።